ከመቶ ሠላሳ ስምንት

አሰላ፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ከአገር ርቀሽ ላለሽው ልጄ ለፋናዬ ገብረወልድ፣

ደብዳቤው በአማርኛ መሆኑን ስታዪ አባቴ ታሟል፣ ወይም ሞቷል ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። አልታመምኩም፤ አልሞትኩምም። ቤይሩት ከሄድሽ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ስጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ በአማርኛ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ። በፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈትም የእኔ አይደለም። ያ ወደ ግራ የተጋደመ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሕፈት የሚስ ዶሪስ ነው። ማን እንደሆነችም እነግርሻለሁ፤ ምንም እንኳ ወረቀት የሚባክንላት ሰው ባትሆን።

የአንቺን ደብዳቤ ካየን ስድስት ወር አለፈ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። እናትሽ ፖስታ የሚመጣበትን ቀን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለምን ዝም እንዳልሽ አልጠይቅሽም። መልሱን ከሰሞኑ አውቄዋለሁ። ይህን የምጽፈው ከእንግዲህ ትጽፊልን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው።

ግን አስቀድሜ የአገሩን ወሬ ላውራሽ፤ ንዴቴ ካልወጣልኝ ሌላውን መናገር አልችልም።

አሰላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆናለች። ቀድሞ በከተማው ውስጥ እንግሊዝኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ በከተማው ስህተት አልነበረም። አሁን ሁሉም ያውቃል። ያ ሠዓሊ ነኝ ባዩ ከዲሮ፣ በጋሪ ጎን ላይ አንበሳ ስሎ ድመት የሚወጣለት ሰውዬ፣ የወይዘሮ ብርቄን ምግብ ቤት በእንግሊዝኛ ሰየመላት። ሆቴል የሚለውን ቃል በሁለት ‹ቲ› ጻፈና ቦታ ሲያልቅበት የመጨረሻዋን ‹ኤል› በበሩ መቃን ላይ ቁልቁል አወረዳት። ቀይ እርሳሴን ከኪሴ አውጥቼ ስህተቱን ባሳየው፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ ገብረወልድ፣ ወላሂ እርስዎ ደግሞ ያበዙታል! ርቦት የመጣ ሰው ወጡን ነው እንጂ ፊደሉን ይበላል እንዴ? ተዉኝ አቦ!»

ከሥር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ብርቄም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ምግብ አልቀመስኩም።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሚስተር ቫርጊስ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ አለን፤ ሰው ሲጎድል እንግሊዝኛም ያስተምራል። አንገቱን ሲወዘውዝ እሺ ይበል እምቢ ይበል ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቼ እስካሁን አልለየሁትም። ተማሪውን «መልካሙ ስምህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁ ሌላ ክፉ ስም ደብቆ የመጣ ይመስል። በአገሩ እንዲህ ነው አሉ የሚባለው። ታዲያ እዚያው በአገሩ ቢለው ምን ነበረበት?

በመስከረም ደግሞ ሚስ ዶሪስ ከአሜሪካ መጣችብን። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ታስተምራለች፤ ወንበሩ ባዶውን ይውላል። እነዚህ አሜሪካኖች ቀለም ከሚለው ቃል ውስጥ ‹ዩ›ን ነቅለው ጥለዋታል። ጎረቤት ከሚለውም፣ ክብር ከሚለውም እንደዚሁ። የት እንዳደረሷት እንጃ። የፊደላቸውን መጨረሻ ‹ዜድ› በማለት ፈንታ ‹ዚ› ይሏታል፤ ለእሷ እንኳ ርኅራኄ የላቸውም። ቤንዚንን ‹ጋዝ› ነው የሚሉት። ሊጠይቋት ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቿ ጎሚስታው ሁሴኖ ዘንድ ሄደው ጋዝ ሙላልን ቢሉት፣ እሱ እኛ ጋዝ የምንለውን የፋኖሱን አምጥቶ ሞላላቸው። ጂፒቱ ዴራ ሳትደርስ ቆመች። ሚስ ዶሪስ ይህን እንደ ቀልድ እያወራች ትስቃለች። እኔ ግን ቋንቋ ባለቤት ሲያጣ የሚመጣ ጣጣ ነው እላለሁ።

ተማሪዎቹማ ብልጦች ሆኑልሽ። በእኔ ክፍል ‹ዩ›ን ያስገባሉ፣ በእሷ ክፍል ያወጣሉ፣ ለሚስተር ቫርጊስ የመጣላቸውን ይጽፉለታል፤ እሱ ለሁሉም አንገቱን ይወዘውዛል።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠች ልጅ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ከወንድሜ ከገብረ መድህን ጋር ወደ ኬንያ ተሰደድን፤ እዚያ በስደተኛ ሰፈር አንድ እንግሊዛዊ ሳጅን አስተማረኝ። እስከዚህ ድረስ መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ይህን ነው። ወንድሜ በወባ ሲወድቅ መድኃኒት እንዲሰጡልን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ሳጅኑ ሦስት ቦታ አስምሮ መለሰልኝ። አርሜ ወሰድኩ፤ አንድ ቦታ አስምሮ መለሰልኝ። በሦስተኛው ንጹሕ ሆነና ኪኒኑን ሰጠኝ። ይዤ ስደርስ ወንድሜን ገንዘውት ነበር። ይህን የሰማ ሰው ሳጅኑን ይረግማል። እኔ አልረገምኩትም። መጀመሪያውኑ አስተካክዬ ብጽፍ ኖሮ ብዬ የረገምኩት ራሴን ነው። ከዚያ ወዲህ ስህተት አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ለሌላው ሰው አንዲት ፊደል ናት፤ ለእኔ ግን አይደለችም።

መዝገቤን ታውቂዋለሽ። በግራ የተሳሳተው ቃል፣ በቀኝ ትክክለኛው። በስምሽ ብቻ ሃያ ሦስት ገጽ አለ። ደብዳቤሽ ሲመጣ በቀይ እርሳስ አሰምርበታለሁ፣ ስህተቶቹን ወደ መዝገቡ እገለብጣለሁ፣ ከመቶ ምልክት እሰጥና ዋናውን ለአንቺው እመልሳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረግነው ይህንን ነው። እናትሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አለች?»

«ከመቶ ሰባ ሁለት።»

«እንግዲያው ደህና ናት ማለት ነው?»

«ደህና ናት።»

የጥቅምቱ ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነበር። አርባ አንድ ስህተት አገኘሁበት። ከመቶ ሠላሳ ስምንት ሰጠሁሽ። እናትሽ ስትጠይቀኝ «ሰንፋለች» አልኳት። ከግርጌ የጻፍኩልሽን መቼም አልረሳሽውም፤ እኔ ግን በአማርኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት እዚህ ልድገመው። «ግድ የለሽ ሆነሻል። የእጅ ጽሕፈትሽም ወድቋል። አርመሽ እንደገና ላኪ።»

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ ዲሬክተሩ አስተማሪዎችን ሰበሰበ። ጉዳዩ በዓመቱ መጨረሻ ፈተና የማን እንግሊዝኛ ትክክል ይባል የሚል ነው። እኔ መዝገቤን ይዤ ገባሁ። አሜሪካኖች በሚያስተምሩበት ቤት ነርስነት የምትማር የገዛ ልጄ እንኳ እንዴት እንደተበላሸችብኝ ላሳያቸው ብዬ የአንቺን የመጨረሻ ገጽ ገልጬ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አዎን፣ አንቺን ማስረጃ አደረግኩሽ።

ሚስ ዶሪስ እርሳሷን ከፀጉሯ ውስጥ መዘዘች፤ እርሳስ የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ከላይ ወደ ታች እየሄደች «ይህ በእኛ አገር ልክ ነው፣ ይህም ልክ ነው፣ ይህም» እያለች ምልክት ታደርግ ጀመር። ከአርባ አንዱ ዐሥራ ዘጠኙ ልክ ሆነ። ሚስተር ቫርጊስ አንገቱን ወዘወዘ። ከዚያ የሴትዮዋ እጅ መሐል ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና በዚያ በስብርባሪ አማርኛዋ «ገብረወልድ፣ ልጅህ አሁን ተሻለው?» አለችኝ።

እስቲ አስቢው። አቶ የለ፣ አንቱታ የለ፣ ሴትና ወንድ መለየት የለ። በአንዲት አጭር ጥያቄ ውስጥ ሦስት ስህተት። «እዚህ የመጣነው ስለ ፊደል ልንነጋገር ነው» ብዬ መዝገቤን አጥፌ ወጣሁ። ስህተቷን እንጂ ጥያቄዋን አልሰማሁትም ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ አማረርኩላት። ዐሥራ ዘጠኝ ስህተቴን ቀሙኝ አልኳት። እሷ ገብስ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል «ታዲያ ልጅቷ የጻፈችው ምን ነበር?» አለችኝ።

«አርባ አንድ…»

«እሱን አላልኩም። ምን ብላ ጻፈች? ወረቀቱን እንደሆነ ሁልጊዜ ይመልሱላታል፤ እኔ እጄ ላይ የቀረ የልጄ ቁራጭ ወረቀት የለም። ያንን መዝገብዎን ያንብቡልኝ።»

ደብዳቤ አይደለም፣ የተሳሳቱ ቃላት ብቻ ናቸው አልኳት። ይሁን፣ በአማርኛ እየመለሱ ያንብቡልኝ አለች። እኔም እየሳቅኩባት ጀመርኩላት። ጎረቤት። ክብደት። ሳል። ግራጫ። ሐኪም። ሳል። እዚህ ላይ ሰፌዱን አስቀመጠች። ለብቻ። መቃብር። ሳል። እስከ። ሳል።

«ሳልን ስንት ጊዜ ነው ያነበቡት?»

«አራት ጊዜ ተሳስታዋለች። አንዲት ቃል አራት ጊዜ! የመጨረሻዋ ደግሞ እናት የምትለዋ ናት፤ እሷንም እንደ አሜሪካ ጽፋዋለች።»

እናትሽ ተነሣች። ገብሱ ከጭኗ ላይ ተበተነ። ማንበብ የማትችለው እናትሽ የደብዳቤሽን ቃል እንዳለ ነገረችኝ። «ከጎኗ የምትተኛው ልጅ ሞታ ቀብረዋታል። እሷንም ከሰው ለይተው ለብቻዋ አስተኝተዋታል። ከስታለች። እናቴን እያለች ነው። አንተ ሰው፣ ልጄ እኮ ታማ ነው የጻፈችው!»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ‹አንተ› ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ የማነበው ከስንዴ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው ነው፤ ዓይኔ ስንዴውን አያየውም ብዬ ልነግራት ነበር። ለአንቺም እንዲሁ ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ግን ውሸት ነው። ሳል የሚለውን ቃል ሦስተኛ ጊዜ ሳሰምርበት እጄ ቆሞ ነበር። ገብቶኝ ነበር ፋናዬ። ገብቶኝ፣ ከገባኝ ነገር ጋር ከምቀመጥ ወደሚቀጥለው ስህተት ሄድኩ። ስህተትን ማረም እችላለሁ፤ ከዚያ በቀር የምችለው ነገር የለም።

በማግስቱ ለትምህርት ቤትሽ ቴሌግራም ልልክ ሄድኩ። እጄ አልጽፍ ቢለኝ ያ የቴሌግራም ቤት ጎረምሳ፣ እንግሊዝኛው ለጆሮ የሚከብድ፣ በአፌ የነገርኩትን ራሱ ጻፈልኝ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላነበብኩም። አርመው፣ እንደገና ጻፈው ስለው ጊዜ እንዳይሄድ ብዬ ወዲያው ላክልኝ አልኩት። መልሱ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። በተራራ ላይ ባለ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ውስጥ እንዳለሽ፣ ከኅዳር ጀምሮ እዚያ እንደሆንሽ፣ አሁን እየተሻለሽ እንደሆነ፣ ደብዳቤ ካለን ወደዚያው እንድንልክ ይላል። ቴሌግራሙ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። አላሰመርኩባቸውም።

ቀኑን ቆጠርኩት። እኔ አርሜ የመለስኩት ወረቀት የደረሰሽ በኅዳር ነው። እዚያ አልጋ ላይ ሆነሽ ነው የከፈትሽው።

እናትሽ ይህን ከነገርኳት በኋላ አላለቀሰችም። ሁለት ቀን ገብስ ስትቆላና ስታስፈጭ ሰነበተች፤ ጭኮ ሠርታ በቅቤ ለውሳ በትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ጠቀጠቀችልሽ። አድራሻውን ልጻፍ ብዬ ብዕሬን አወጣሁ።

«አይጻፉ» አለችኝ። ወደ እርስዎ ተመልሳለች፤ አንተ ያለችኝ ይሻል ነበር። «የእርስዎን እጅ ስታይ ደግሞ ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች።»

ጣሳውን አዝላ ከዲሮ ዘንድ ሄደች። አዎን፣ ያ ሁለት ‹ቲ› ዘንድ! የቴሌግራሙን ወረቀት እያየ በአረንጓዴ የጋሪ ቀለም አድራሻሽን በጣሳው ዙሪያ ጻፈላት። ስምሽ ላይ አንዲት ፊደል ትርፍ አለች። ቤይሩት የሚለው ልክ አይደለም፤ የሕሙማን ማረፊያው ስም ግማሹ የለም፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ቦታ ሲያጣ እንደ ልማዱ ወደ ክዳኑ አወጣቸው። ዳር ዳሩን አበባ ስሎበታል። ማን አበባ አምጣ አለው?

ትናንት ፖስታ ቤት ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሳየው ቀይ እርሳሱ ኪሴ ውስጥ የለም እንጂ እጄ ፍለጋ ገብቶ ነበር። እናትሽ ከጎኔ ቆማ ጣሳውን ሳይሆን እኔን ታያለች። ከዲሮም ሥራውን ሊያስመርቅ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይደርሳል አይደል?» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅብኝ። ያ አድራሻ አንባቢ ካጣ ጣሳው የትም ሊቀር እንደሚችል ከሦስታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ይደርሳል» አልኩት። ጣሳው ሳልነካው ሄደ።

የቤይሩት ፖስታ ቤት ሠራተኞች ከአባትሽ የተሻሉ አንባቢዎች እንዲሆኑ እየጸለይኩ ነው።

የፖስታውንም አድራሻ ሚስ ዶሪስን ለምኜ ያጻፍኩት ስለዚሁ ነው፤ የእኔን እጅ አይተሽ ሳትከፍቺው እንዳትቀሪ። በአማርኛ የጻፍኩትም እንግሊዝኛ ሲሆን እጄ ነገሩን ትቶ ስህተቱን ስለሚፈልግ ነው። ስንት ጊዜ ያዋረድኳት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ እንደተቀመጠች ጻፈችልኝና «ልጅህ ተሻለው?» አለችኝ እንደገና። «ተሻለው» አልኳት።

አሁን የምለምንሽን ልንገርሽ። የጥቅምቱን ደብዳቤ ቀድደሽ ካልጣልሽው መልሰሽ ላኪልን፤ ቀዩን መስመር አታጥፊው፣ እንዳለ ላኪው። ለእናትሽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በአማርኛ አነብላታለሁ። ከዚያ በሳጥኗ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ተመልሶ የሚወጣ የአንቺ ወረቀት የለም። ቀድደሽው ከሆነም አልፈርድብሽም፤ ሌላ ጻፊ። በእንግሊዝም ይሁን፣ በአሜሪካ፣ ወይም እዚያ በሰማሽው ዐረብኛ። መጻፍ ካልፈለግሽ ባዶ ወረቀት አጥፈሽ ላኪ። እሱንም እናነበዋለን።

አንቺን ባሕር ማዶ ያደረሰ፣ እኔንም ከኬንያ የመለሰ አምላክ ከዚያ አልጋ ያንሣሽ። ሳሉን ከደረትሽ ያውጣልሽ፤ የተራራው ብርድ አይድፈርሽ። ጎረቤትሽ ለነበረችው ልጅ፣ ስሟን ለማላውቀው፣ ነፍስ ይማር። እናትሽ ግንባርሽን ስማሻለች። እኔም፣ ከፈቀድሽልኝ።

አባትሽ
ገብረወልድ

ይህን ረስቼው ነበር። እናትሽ ሳታየኝ ከጭኮው ሥር በላስቲክ ጠቅልዬ ቀይ እርሳሴን ልኬልሻለሁ። ጣሳው ከደረሰሽ ይህን ደብዳቤ አርመሽ መልሺልኝ፤ ምልክትም ስጪኝ። ሠላሳ ስምንት እንኳ አልጠብቅም።